ጆሮ የገጠመው ሞተር

«ይሄ ጓሮ ያለው ሞተር የወንድሜ የመጨረሻ ሥራ ነው!» አለ አጎቷ፣ ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሞት ደጁ ቆሞ እንኳ አንዲት ብሎን አላዛነፈም። እጁ ነው፣ እጁ! እንዲህ ያለ እጅ ከእንግዲህ ከየት ይመጣል?»

የሟቹ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የሻይ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። አጎቷ «እጁ» ባለ ቁጥር ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቃጨላሉ። አንዲት ጎረቤት ወደ ባልንጀራዋ ጠጋ ብላ፣ «አየሻት? ሀዘኑ ጉልበቷን ጨርሶታል» ብላ አንሾካሾከች። ሀዘንስ ነበር። አባት የሞተበት ሰው ቢያዝን ምን ይገርማል? ብርጭቆዎቹን ያንቃጨላቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ውሸት። ያውም ከእሷ በቀር የሚያውቀው ሰው አፈር የገባ ውሸት።

ሟቹን ከተማው የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን «ጆሮ» በሚለው ቅጽል ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ከቤቱ ጓሮ ባለው ጋራዥ ሞተር ሲያወርድና ሲገጥም የኖረ መካኒክ ነበር። መኪና በመንገድ ሲያልፍ ድምፁን ብቻ ሰምቶ፣ «የዚህ ሰውዬ ሦስተኛዋ ካንዴላ ሞታለች፤ የሚነግረው አጥቶ ነው» ይላል። ሰውየው ቆይቶ ሲመጣ እውነትም ሦስተኛዋ ሆና ትገኛለች። «ጆሮ ፊት አትዋሹ፤ ልባችሁ ሲመታ ይሰማዋል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሰኞ ጠዋት ልጁ ልትቀሰቅሰው ስትገባ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ በተኛበት ቀርቷል። አልተጨነቀም፣ አላቃሰተም። ጓሮ ያለውን ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስነሱት የተቀጣጠሩት ለዚያው ቀን ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከዓመት ከአራት ወር በፊት በማንኪያ ነው። ሾርባ ሲጠጡ የጆሮ ማንኪያ ከሳህኑ ጠርዝ ጋር መንቀጫቀጭ ጀመረ። ቀኝ እጁን የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ አየው። ሐኪሙ የነርቭ በሽታ ነው፣ ይዘገያል እንጂ አይመለስም አላቸው። ከዚያ ወዲያ እጁ ከኪሱ አልወጣም። ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ «ወገቤን አሞኛል» እያለ ይመልሳል፤ ለሰላምታ እንኳ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ኩሩ ነበርና፣ እጁ ከዳው ተብሎ ከሚታዘንለት ሰነፈ ተብሎ ቢታማ ይመርጣል።

አንድ ቀን ግን አዋላጇ መጣች። ይቺ ሴት ከተራራው ማዶ ላሉት መንደሮች ነፍሰ ጡሮችን ስትረዳ የኖረች ናት። አሮጌ መኪናዋ ዘይት እየጠጣች፣ ዳገት ላይ እያለከለከች አልሄድ ብላታለች። ጆሮ እሷን «ወገቤን» ብሎ መመለስ አቃተው። እንደወጣች ልጁን ጠራት።

«ክር በመርፌ ስታስገቢ እጅሽ ይንቀጠቀጣል?»

«ኧረ አይንቀጠቀጥም አባባ። ምነው?»

«እንግዲያው እጅሽን አውሺኝ።»

አራት ወር ፈጀ። የጋራዡን በር ከውስጥ ይዘጋሉ፤ እሱ ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ እሷ ጥቁር ዘይት እስከ ክርኗ ነክሯት ትሠራለች። «የክዳኑን ብሎኖች ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር አጥብቂ» ይላታል፤ «ጨርቅ ስትተኩሺ ሽብሽቡን ወደ ዳር እንደምትገፊው አድርጊው።» የጥብቀቱ መለኪያ ቁልፍ ቀጭ ሲል ራሱን ይነቀንቃል። አንዳንዴ ደግሞ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ይቺኛዋ ዋሸች፤ ፍቺና ድገሚያት» ይላል። ትፈታለች፣ ትደግማለች። ሁልጊዜም ልክ እሱ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ጆሮ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። መቀስቀስ አሳዘናትና ሁለት ፒስተን ብቻዋን አስገባች። ፒስተኑን የሚከቡትን ቀጫጭን ቀለበቶች፣ ጋራዥ ውስጥ ፋሻ የሚሏቸውን፣ ክፍተታቸው አንድ ላይ እንዳይገጥም እያዟዟረች ትንፋሿን ይዛ ሰደደቻቸው። ሲነቃ አልነገረችውም። ነገ እነግረዋለሁ እያለች ሳምንታት አለፉ፤ ከዚያ ሰኞ መጣ። እነዚያን ሁለቱን ጆሮ አልሰማቸውም።

ለማንም እንዳትናገር አስምሏታል። «ለወንድሜ ደግሞ በተለይ» ብሏታል። ለምን በተለይ እንደሆነ ታውቃለች። አጎቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ጆሮ የእሱን ሞተር አውርዶ፣ ሦስት ሳምንት ለፍቶ፣ አዲስ አድርጎ ገጠመለትና፣ «አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ባዶውን አለማምደው፤ ጭነት የሚባል እንዳታሳየው» አለው። አጎቷ በሦስተኛው ቀን፣ ውርጭ ጥሎ በነጋበት ጠዋት፣ እስከ አፍ ገደፉ ጭኖ ዳገት ወጣ። ሞተሩ ነክሶ፣ ፒስተኑ ከግድግዳው ተጣብቆ ቀረ፤ በሌላ መኪና ተጎትቶ መጣ። ጆሮ ከፍቶ የተቦጫጨሩትን ፒስተኖች ሲያይ ደሙ ፈላ። «እጅህን ይስበረው!» አለው፣ የእናቱን ልጅ፣ በሰው ፊት። ታርቀዋል ተባለ፤ አብረው መብላትም ጀምረው ነበር። የገዛ እጁ ሲከዳው ግን ጆሮ ለወንድሙ የላከው እርግማን ዞሮ እሱ ላይ እንዳረፈ ቆጠረው።

አሁን ያ ወንድም ሳሎን ተቀምጦ «እጁ ነው» ይላል። ሞተሩ ነገ ተነስቶ ቢነክስ፣ ከተማው «ጆሮ በመጨረሻው ደከመ» ሊል ነው። የአርባ ዓመት ስም በሁለት ፒስተን ሊሄድ።

ትሪውን አስቀምጣ ወደ ኩሽና ሸሸች። አዋላጇ ብርጭቆ እያጠበች አገኘቻት። ምድጃው አጠገብ፣ ሰው ሁሉ ሦስት ቀን ሲዘለው የከረመ የሞተር ዘይት ጀሪካን ተቀምጧል። ጆሮ ነው እሑድ ዕለት እዚያ ያስቀመጠው፤ «በብርድ ዘይት ማር ነው፤ አሙቀሽ ካላፈሰስሽው አይዳረስም» ብሎ።

«ስለ መኪናው እንዳታስቢ» አለች አዋላጇ ሳትጠየቅ። «ሀዘንሽን ጨርሺ። እስከዚያ ሰው ለምኜ እሄዳለሁ።»

«የምትወልድ አለች እንዴ?»

«መንታ ናቸው። እሑድ አካባቢ ይመስለኛል። ውርጩ መንገዱን ሳይዘጋው እደርስ ይሆናል።»

ልብስ ሰፊዋ የኩሽናውን በር ዘጋችና ሁሉንም ነገረቻት፤ ማንኪያውን፣ ወንበሩን፣ ሁለቱን ፒስተኖች። ስትጨርስ፣ «ሲስተር፣ ልብስ ሰፊ በገጠመው ሞተር ገደል አፋፍ ይሄዳሉ?» አለቻት።

አዋላጇ እጇን በፎጣ አደረቀች። «የመጀመሪያውን ሕፃን የተቀበልኩት በአስተማሪዬ አፍ ነው። እሷን ጉንፋን ይዟት በር ላይ ቆማ ትነግረኛለች፤ እኔ እየተርበተበትኩ እሠራለሁ። ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም እንኳ አይለኝም።» ፎጣውን ሰቀለችው። «እሑድ ከመድረሱ በፊት ስንት ኪሎ ሜትር ነው የሚፈልገው?»

«መጀመሪያ ሰማንያውን ካየነው ያስታውቃል። እስከ ሺው ያለውን ያለ ጭነት ቀስ እያሉ ይሞሉታል።»

«በይ ነገ እንነሳ።»

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ የጋራዡ ጣሪያ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ልብስ ሰፊዋ የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ ሰብስባ፣ ለብ ያለውን ዘይት አፈሰሰች። ካንዴላዎቹን ነቅላ፣ ዘይቱ ሁሉም ጋ እስኪዳረስ ሞተሩን በባዶው አዞረችው። መልሳ ገጠመቻቸው። ከዚያ መሪው ፊት ተቀምጣ፣ ቁልፉን ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች።

ሞተሩ አንዴ አቃሰተ። ሁለተኛ አቃሰተ። በሦስተኛው ተነሳ።

እንደ እርጎ ረጋ ያለ ድምፅ ነበር። አዳመጠች። የምትፈራውን መኳኳት ፈለገች፤ አላገኘችውም። ቢሆንም አላመነችውም። ጆሮ እንዲህ ይላት ነበር፤ «አዲስ ሞተር አዲስ ተጋቢ ነው። አንድ ቤት ገቡ እንጂ ጠባያቸው ገና አልተዋወቀም። ካጣደፍሻቸው ይፋጃሉ፤ ሥራ ፈት ካስቀመጥሻቸው ይደነዝዛሉ። ትንሽ ትንሽ ሥራ እየሰጠሽ አለማምጃቸው።»

ድምፁን ሰምቶ ሳሎኑ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከፊት አጎቷ ነው፤ ኮቱን እንኳ በቅጡ አልለበሰም።

«ሳልጠራ?» አለ። «የወንድሜ ሞተር ሲነሳ እኔ ሳልጠራ? በይ ቁልፉን አምጪ፤ እኔ ነኝ የምነዳው።»

«አይሆንም ጋሼ።»

«ለምን አይሆንም?»

ሌላ ሰው እግር ስር ሆኖ ሞተሩ ቢናገር የምትሰማው አልመሰላትም፤ ይህን ደግሞ ልትነግረው አትችልም። አጎቷ ፊቱ ጠቆረ። «ገባኝ» አለ ዝቅ ብሎ። «አንቺም እንደሱ አላመንሽኝም።» ከዚያ በላይ ሳይናገር የኋላውን በር ከፍቶ፣ ጉልበቱን ከደረቱ አጣብቆ ተቀመጠ። አዋላጇ ከፊት ገባች።

ከከተማው ወጡ። ልብስ ሰፊዋ ፍጥነቱ ሃምሳ እስኪሞላ ቀስ ብላ ትረግጥና እግሯን ታነሳለች፤ መኪናዋ በራሷ ስትዘገይ ቆይታ እንደገና ትረግጣለች። ሲረገጥ ፋሻዎቹ ከግድግዳቸው ጋር ይግባባሉ፤ ሲለቀቅ ዘይቱ ይደርስላቸዋል። ከኋላ የመጣው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋታል።

«ነጭ ጭስ እየወጣ ነው» አለች አዋላጇ በመስታወቱ እያየች።

«ትንፋሹ ነው ሲስተር። በዚህ ብርድ እኛም እያጨስን ነው። ሰማያዊ ሲሆን ግን ዘይት እየተቃጠለ ነውና ይንገሩኝ።»

አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው ዳገቱን ሲጀምሩ የተቃጠለ ዘይት ሸተታት። ወዲያው ሞተሩን በሚሸፍነው ኮፈን ጠርዝ በኩል ቀጭን ጭስ ተነሳ። ዳር ይዛ አቆመች፤ አጠፋች።

«በቃ» አለ አጎቷ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያወድስ የነበረው ሰው። «በቃ፣ ይሄም ሞተር ሄደ።»

እሷ ወርዳ ኮፈኑን ከፍታለች። ጉንጯን ወደ ሙቀቱ አስጠግታ ሽታውን ተከተለች። ከላይኛው ሽፋን ጥግ አንዲት ጠብታ ዘይት ወደ ጋለው የጭስ ቱቦ ስትወርድ አየቻት፤ ትወርዳለች፣ ትጨሳለች። ሌላ ጠብታ። ሌላ ምንም የለም። ዘይት እንዳያፈስ ከሽፋኑ ስር የገባው አዲሱ ጓርኒሲዮን ሲሞቅ ትንሽ ተኝቶ ብሎኑ ላልቷል። ጆሮ «መጀመሪያ ሲሞቅ ይላላል፤ አትደንግጪ» ብሎ የነገራት እሱ ራሱ ነው። ቁልፍ አወጣች። ከመሃል ጀመረች፤ ወደ ዳር ሄደች፤ እሩብ እሩብ፣ ጣቷ የሚያውቀውን ያህል ብቻ። በጨርቅ ጠራረገች። ዘይቱን ለካች። ውሃውን አየች።

ቀና ስትል አጎቷ አጠገቧ ቆሟል። የሚያየው ሞተሩን ሳይሆን እጇን ነው።

«ማን አስተማረሽ?»

ቁልፉን በጨርቁ መጥረግ ጀመረች።

«ይሄ አንድ ቀን አይተው የሚያውቁት አይደለም። እጅሽ ቁልፉን ሳያይ ይይዛል። ማነው ይሄን ሞተር የገጠመው?»

አዋላጇ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ንገሪያቸው እንጂ» አለች።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እሱ እየሰማ፣ እኔ ገጠምኩት። እጁ መሥራት ትቶ ነበር። ይንቀጠቀጥ ነበር። ማንኪያ እንኳ አይዝም። አስምሎኝ ነው ያልነገርኩህ።»

አጎቷ ይቆጣል ብላ ጠበቀች። የወንድሜን ስም ገደልሽ ይላል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን በጣቱ ይቆጥራል።

«መቼ ነው የጀመረው?»

«ዓመት ከአራት ወር።»

«ዓመት ከአራት ወር» አለ። «ቤቴ መጥቶ ሻይ ስሰጠው አልጠጣም ያለኝ የዚያን ጊዜ ነው። ልጄን ስድር፣ ሰው ሁሉ ሲጨብጠኝ እሱ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። በዓይኔ አየሁት እኮ! እንደጠላኝ ሞተ ብዬ… ሦስት ቀን ሙሉ ሳሎን ተቀምጬ የለፈለፍኩት ለምን ይመስልሻል? ባሞገስኩት ይቅር ይለኛል ብዬ ነው።»

«አልጠላህም ጋሼ! መቼም ጠልቶህ አያውቅም። ያፈረው በራሱ ነው። እጅህን ይስበረው ብሎህ አልነበር? እርግማኑ ቤት ተሳስቶ እኔ ጋ መጣ ይለኝ ነበር። ሄጄ ይቅር በለኝ ልበለው ይላል፤ ይነሳል፤ ጫማውን ያደርጋል፤ ከዚያ እጁን ያይና መልሶ ይቀመጣል።»

«ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ብቻ ነው።»

አጎቷ ሁለት ትላልቅ መዳፎቹን ዘርግቶ አገላብጦ አያቸው። «ይሄው አልተሰበሩም!» አለ፤ ሳቅ መጣበት፣ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ እንደገና ሳቅ ሆነ። «ደደብ! ወይ ወንድሜ፣ ወይ ደደብ! ሻዩን እኔ አጠጣው ነበር እኮ!» የመኪናውን ጎን ተደግፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አዋላጇ ወርዳ ትከሻውን ያዘችው። ልብስ ሰፊዋም ከሰኞ ጀምሮ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማት፤ እሷም አለቀሰች።

አፍንጫውን ጠርጎ ሲጨርስ ቁልፉን ዘረጋችለት።

«እኔ?» አለ።

«ዳገቱን ያንተ እግር ያውቀዋል። ሃምሳ እንዳታልፍ ብቻ።»

«ሃምሳ? አርባ አምስት አላልፍም!»

እውነቱን ነው፤ አላለፈም። እንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው ነዳው። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣው፤ ቁልቁለቱን እግሩን አንስቶ ለሞተሩ ተወለት። አንድ የጭነት መኪና ከኋላቸው ጥሩምባውን አስጮኸ። አጎቷ ዳር ይዞ አሳለፈውና፣ «እለፍ ወንድሜ፣ እለፍ። እኔም አንድ ጊዜ እንዳንተ ችኩል ነበርኩ» አለ። አዋላጇ፣ «በዚህ አነዳድ መንታዎቹ ቆመው ሄደው ይቀበሉናል» ስትል ሦስቱም ሳቁ።

ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ወንበር ሆና ዓይኗን ጨፈነች። አራቱንም ፒስተኖች በድምፃቸው ለየቻቸው፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ጆሮ ያልሰማቸው ሁለቱም። የትኛዋም አልዋሸችም። ራሷን ነቀነቀች።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ጓሮው ገቡ። ሰማንያ ስድስት ኪሎ ሜትር። ዘይቱን ለካች፤ አልጎደለም። ከጥጉ ጠብ ጠብ ትል የነበረችውም ቀርታለች። «ነገ ጠዋት ሲቀዘቅዝ የክዳኑን ብሎኖች መልሼ አያቸዋለሁ» አለቻት ለአዋላጇ፤ «ከዚያ የቀረውን ራስዎ ቀስ እያሉ ይጨርሱት። እሑድ ይደርሳሉ።» አዋላጇ ግንባሯን ስማት በእግሯ ሄደች።

ለቀስተኞቹ በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። «እህስ? የጆሮ ሥራ እንዴት ሆነ?» አለች ያቺ ጎረቤት።

«እሷን ጠይቋት» አለ አጎቷ። «ሰምቶ ያሠራው እሱ፣ የሠራችው እሷ ናት።»

ሰዉ ወደ እሷ ዞሮ በጥያቄ ሲያጣድፋት እሱ ወደ መኪናው ተመለሰ። ፀሐይዋ ደክማ ብርዱ ዳግመኛ እየወረደ ነው፤ ኮፈኑ ላይ ሙቀቱ ይጨሳል። አጎቷ ኮቱን አወለቀ። በኮፈኑ ላይ ዘረጋው፤ አንገትጌውን አስተካከለ፤ ንፋስ እንዳይገባ ጫፉን በሁለቱም በኩል ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በሸሚዙ ብቻ፣ መዳፉን ኮቱ ላይ አሳርፎ ቆመ።